አባቴ ቅቤ ተከለከለ፤ እናቴ በምትኩ የሚረጋውን ዘይት ጨመረች። ለደም ሥሩ የሚሻለው የትኛው ነው?

የአራዳዋ
መጋቢት 4 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ እባካችሁ ታገሡኝ።

አባዬ 63 ዓመቱ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ ሲሄድ፣ ራስ መኮንን ድልድይን አልፎ ዳገቱን እንደጀመረ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ግራ ክንዱ ዛለ፣ ላብ አጠመቀው። መንገድ ላይ የነበሩ ልጆች ታክሲ ውስጥ አስገብተው ሐኪም ቤት አደረሱልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ስማቸውን እንኳ አናውቅም። ከልቡ ደም ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ተገኘና በስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ተከፈተለት። አሁን ቤት ነው፣ ደህና ነው። አስፕሪን፣ ሌላ ደም ማቅጠኛ፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲንና የግፊት መድኃኒት ይወስዳል።

ጥያቄዬ ስለ ምግቡ ነው። ስንወጣ የተነገረን "ቅባት ቀንሱ፣ ቅቤና ጮማ ይቅር" የሚል ብቻ ነበር። ከኋላችን የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር ለመጠየቅም አልደፈርንም። እማዬ ቃሉን ይዛ ያነጠረችውን ቅቤ በሙሉ ለጎረቤት ሰጠችው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ሁላችንም ተንፈስ አልን፤ 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ የአባዬ ልብ ታርፋለች ብለን።

ትናንት ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ድንቹም ዘይት በዘይት ነው። "ቅቤ ስለሌለው ዘይቱ ካልበዛበት አይጥመውም" አለችኝ። ዘይቱ ከሸማቾች የምናመጣው ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ የሚረጋው። አራት ሰው ነን፣ አንዱ ጀሪካን ከወር አያልፍም። ማታ ሆዴን ባር ባር አለው። ቅቤው ጎጂ ነው ተብሎ ከቤት ከወጣ፣ ይሄ ብርድ ሲነካው የሚረጋውስ ምንድነው? መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተለካው ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል የሚሉት) 148 ነበር። የምታውቁ ንገሩኝ።

ከካዛንቺስ
መጋቢት 4 ቀን 2017

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። አጎቴም እንዲሁ ነበር። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ምግቡ ተስተካክሏል ብላችሁ ያን የኮሌስትሮል ኪኒን እንዳታስቆሙት። አጎቴ "አሁን እኮ ጾመኛ ነኝ፣ ቅባት አልነካም" ብሎ ራሱ አቆመው። በስምንተኛው ወር ተመልሶ ተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት አይችልም። ስለ ዘይቱ የሚያውቁት ይመልሱልሽ።

የውስጥ ደዌ
መጋቢት 5 ቀን 2017

የአራዳዋ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። አባትሽን እኔ ስላላየሁት በመድኃኒቱ ጉዳይ የሚያክመውን ሐኪም ብቻ ስሙ፤ ከላይ የጻፉት ወንድማችን ያሉትንም ደግሜ አሰምርበታለሁ። ስለ ዘይቱ ግን የጠረጠርሽው ትክክል ነው። በዚህ ጉዳይ እኛ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን። "ቅባት ቀንሱ" ብለን እንሸኛለን፣ የትኛውን ቅባት በምን እንደሚተኩት አንናገርም።

መጀመሪያ በደም ሥሩ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፣ ያለዚያ የቀረው ነገር አይጨበጥም። ኮሌስትሮል ቅባት ስለሆነ በደም ውስጥ ብቻውን መሄድ አይችልም። ጉበት ከፕሮቲን ጋር ጠቅልሎ ይልከዋል፤ ኤልዲኤል የሚባለው ከዚያ የሚመጣ ጥቅል ነው። በደም ውስጥ የሚዞረውን ኤልዲኤል መልሶ የሚሰበስበውም በዋናነት ጉበት ነው፤ ሴሎቹ ላይ ኤልዲኤልን ለቅመው ወደ ውስጥ የሚያስገቡ መያዣዎች አሉት። ጆሴፍ ጎልድስቲንና ማይክል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች እነዚህን መያዣዎች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። እንደ ቅቤና ሞራ ባሉ በሚረጉ ቅባቶች ውስጥ የሚበዛው ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ሲበዛ የመያዣዎቹ ሥራ ይዳከማል። ያኔ ኤልዲኤል ለቃሚ አጥቶ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ቀስ እያለም በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ገብተው ይውጡታል፣ ውጠውት እዚያው ይቀራሉ። በዓመታት ውስጥ ግድግዳው ያብጣል። አንድ ቀን የእብጠቱ ሽፋን ይቀደድና ደም ይረጋበታል፣ መንገዱም በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋል። አባትሽን ዳገቱ ላይ ያገኘው ይህ ነው።

ስለዚህ "ስብ ቧንቧውን እንደ እቃ ማጠቢያ ቱቦ ይደፍነዋል" የሚባለው ልክ አይደለም። ቱቦው ውስጥ የሚጋገር ነገር ቢሆን ኖሮ በሙቅ ውኃና በሎሚ ይታጠብ ነበር፤ ብዙ ሰው በየጠዋቱ የሚጠጣውም ይህን አምኖ ነው። በሽታው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ማድረግ የምንችለው ወደ ግድግዳው የሚሰርገውን ኤልዲኤል ማሳነስ ነው፤ ኪኒኑም ምግቡም የሚሠሩት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጀሪካንሽ እንምጣ፤ ቁጥሩን ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለ30 ቀን ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 38 ግራም ይደርሰዋል፤ ወደ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ያ የሚረጋ ዘይት ፓልም ነው፣ የፓልም ዘይት ከሞላ ጎደል ግማሹ ሳቹሬትድ ነው። ስለዚህ አባትሽ ከዘይት ብቻ በቀን 19 ግራም ገደማ ሳቹሬትድ ቅባት ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም ሰው የሚመክረው ከቀኑ ጉልበት 10 በመቶውን እንዳያልፍ ነው፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ማለት ነው። ይህ ለጤነኛው ነው፣ ስቴንት ላለው ሰው ከዚያም ዝቅ ቢል እንወዳለን። እንግዲህ አስቢው፤ ሥጋ ሳይቀምስ፣ ወተት ሳይቀምስ፣ በጾም ቀን፣ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ያው ጀሪካን የሱፍ ዘይት ቢሆን ኖሮስ? ከ38 ግራሙ ሳቹሬትዱ ወደ 4 ግራም ይወርድ ነበር። የኑግ ዘይት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን እሱም ከፓልሙ ግማሽ አይደርስም፤ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ሊኖሌይክ የሚባለው፣ ኤልዲኤልን የሚቀንሰው ቅባት ነው። እናትሽ ቅቤውን አስወጥታ ፓልም ስታስገባ፣ በደም ሥሩ በኩል ካየነው ብዙ የተለወጠ ነገር የለም። ፓልሙን አስወጥታ ኑግ ወይም ሱፍ ብታስገባ ግን ይለወጣል። መጠኑንም ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት ብታወርደው ደግሞ የበለጠ።

የሰላሌ ልጅ
መጋቢት 5 ቀን 2017

ዶክተር፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኔ ያደግሁት ቅቤ በቅል በሚናጥበት ቤት ነው። አያቴ ገንፎ በቅቤ፣ ጨጨብሳ በቅቤ፣ አናቷ ላይም ቅቤ፤ ከ90 ዓመት በላይ ኖራ ነው ያረፈችው። ልብ ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። አሁን አዲስ አበባ በየሰፈሩ በ45 ዓመቱ በልብ የሚወድቀው ሰው ቅቤ መግዛት ያቃተው ሰው ነው። ደግሞ አንብቤያለሁ፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ከ9000 በላይ ሰው ላይ በተደረገ ጥናት ሳቹሬትዱን በበቆሎ ዘይት ሲተኩ ኮሌስትሮሉ ወረደ፣ ሞት ግን አልቀነሰም። ይህንን ለምን አትነግሩንም? የአባቶቻችንን ምግብ በጥርጣሬ ከማየታችን በፊት ሁለቱም ወገን ይሰማ።

የአንዋር ጎረቤት
መጋቢት 5 ቀን 2017

አሰላሙ ዓለይኩም። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል፣ ጭንቀታችንም የገጠመ መሰለኝ። የእኛ ቤት ችግር ሳምቡሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጹሞ ማታ የሚፈጠረው በቴምር፣ ከዚያ በሳምቡሳ ነው፣ የየቀኑ ነው። እናቴ የጠበሰችበትን ዘይት አጣርታ ለነገ ታስቀምጠዋለች፣ በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ቡና መስሎ አረፋ ይደፍቃል። መድፋቱ ከዘይት ዋጋ አንጻር ያማል፣ ይገባኛል። ግን የስኳር በሽተኛ ነች፣ ግፊትም አለባት። ይህ ደጋግሞ መጥበስ ለደም ሥር ምን ያህል መጥፎ ነው? ኑግ ይሻላል ካላችሁ ለመጥበሻም ኑግ ላድርግላት?

አራት ኪሎ ኬሚስትሪ
መጋቢት 6 ቀን 2017

የአንዋር ጎረቤት፣ ጥያቄሽ ከሁሉም በላይ አስፈላጊው ነው፤ መልሱም የዶክተሩን ምክር ትንሽ ያወሳስበዋል። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

ኑግና ሱፍ ለደም ሥር የሚስማሙት ሞለኪውላቸው ውስጥ ባሉት ድርብ ትስስሮች ምክንያት ነው። በክረምት የማይረጉትም ለዚሁ ነው። ግን እነዚያው ትስስሮች ለሙቀትና ለአየር ስስ ናቸው። ዘይቱ በጥልቅ መጥበሻ ደጋግሞ ሲግል ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ ይሰባበራል፣ ይወፍራል። ያየሽው አረፋና ጥቁረት ያ ነው። ስለዚህ የኑግን ዘይት ለቁሌት፣ ለሽሮ፣ ለሰላጣ አድርጊው፤ ለሳምቡሳ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ጠብሰሽ ድፊው። የፓልም ዘይት ሙቀት ይችላል፣ ጠባሾች የሚወዱትም ለዚህ ነው፤ ለደም ሥር ግን ያው ነው። የሚሻለው ሳምቡሳውን ከየቀኑ ወደ ሳምንት አንድና ሁለት ቀን ማውረድ ነው። ወይም እንደኛ ቤት ዘይት በብሩሽ ቀብቶ ምድጃ ውስጥ መጋገር፤ ይንኮሻኮሻል፣ ልጆቹም ለምደውታል።

አሁን ስለሚረጋው ዘይት። ሰው "ጠዋት ካልረጋ ፓልም አይደለም" ይላል፣ ይህ ያሳስታል። ፓልምን በፋብሪካ ቀዝቀዝ አድርገው ጠንካራውን ክፍል ከፈሳሹ ይለዩታል። ፈሳሹ ክፍል ኦሊን ይባላል፤ ሞቅ ባለ አገር ዓመቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ይቆያል፣ ግን ሳቹሬትዱ አሁንም 40 በመቶን ያልፋል። ድሬዳዋ ላይ ጥርት ያለው ዘይት አዲስ አበባ በጥቅምት ጠዋት ሊደፈርስ ይችላል። የከተማችን ብርድ እንግዲህ አንድ ጥቅም ሰጠን፤ ዘይቱ ምን እንደሆነ ያሳየናል። ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ንጹሕ ኑግም ሱፍም አይረጋም።

ሌላው፣ ጀሪካኑ ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" የሚለውን ጽሑፍ ተዉት። ኮሌስትሮል የእንስሳት ነገር ነው፣ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ የለውም ቢባል ይሆናል። ፓልምም የለውም፣ የኮኮናት ዘይትም የለውም፤ የኮኮናቱ ግን ከ80 በመቶ በላይ ሳቹሬትድ ነው። ጉበት ኤልዲኤልን እንዳይሰበስብ የሚያደርገው በዋናነት ሳቹሬትዱ ነው። መነበብ ያለበት እሱ ነው፣ ካለ።

ከፓልምም የከፋ አለ፤ ትራንስ ቅባት። ፈሳሽ ዘይት ላይ ሃይድሮጅን በከፊል ጨምረው እንደ ቅቤ ሲያረጉት የሚፈጠር ነው። ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለውን ኤችዲኤልን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገደበችው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከዓለም ምግብ እንዲጠፋ ጥሪ አቀረበ። የአትክልት ቅቤ እየተባለ የሚሸጠውን ስትገዙ "በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት" የሚል ካያችሁ መልሱት። ኬክና ብስኩት ላይም ያው ነው።

መርካቶ ነጋዴ
መጋቢት 6 ቀን 2017

ዘይትና ቅቤ ስሸጥ 17 ዓመቴ ነው። አስተማሪው ያሉት የፍሪጅ ነገር እውነት ነው፣ እኔም ከመግዛቴ በፊት አደርገዋለሁ። ግን እህቶቼ ይህንንም እወቁ፤ "የአገር ውስጥ ኑግ" ተብሎ በድጋሚ በተሞላ ጀሪካን የሚመጣው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በርካሽ ሱፍ የቀጠኑትን ፍሪጅ አይለየውም። ኑግ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፣ ያደገበት ሰው አይስተውም። የምታውቁት መጭመቂያ ቤት ካለ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ግዙ። ያረጀ ኑግ ይጎመዝዛል፣ አትብሉት፤ ከብርሃን አርቃችሁ አስቀምጡት።

ቅቤውም እንደዚያው ነው። ሙዝ የገባበት፣ የአትክልት ቅቤ የገባበት አይቻለሁ። የሰላሌው ወንድሜ ያያትዎ ቅቤና ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አንድ ነው ብለው እንዳያስቡ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሚጣለው የሆቴል ዘይት ነው። ጠብሰው ጠብሰው ያጠቆሩት ለመንገድ ጠባሽ ይሸጣል። ጠባሿን አልወቅሳትም፣ ልጆች ታሳድግበታለች። ግን ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ያንን ድንችና ቦምቦሊኖ በየቀኑ ሲገዛ ሳይ አንጀቴ ይላወሳል።

የውስጥ ደዌ
መጋቢት 7 ቀን 2017

የሰላሌ ልጅ፣ ጥያቄዎ ክብደት ያለው ነው፣ ሸፋፍኜ አላልፈውም።

የሚኒሶታው ጥናት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተደረገ፣ በ2016 እንደገና የተተነተነ። ኮሌስትሮል ወርዷል፣ ሞት አልቀነሰም። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ በብዛት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ ይገባሉ ይወጣሉ። ከ9423 ሰዎች ውስጥ ምግቡን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የበሉት 2355 ብቻ ናቸው። የደም ሥር ግድግዳ በሃያና በሠላሳ ዓመት የሚታመምበትን ነገር በአንድ ዓመት መፍረድ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆዩትን ሙከራዎች ሰብስቦ ሲያይ፣ ሳቹሬትድ መቀነስ የልብና የደም ሥር አደጋን 17 በመቶ ቀንሷል። በጠቅላላ ሞት ላይ ግን ያገኘው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ ሳቹሬትዱ በኑግ ዓይነቱ ፈሳሽ ዘይት ሲተካ ጥቅሙ ወደ 30 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ጽፏል። በነጭ ዳቦና በስኳር ሲተካ ግን ጥቅም የለውም። ሁሉም ነገር "በምን ተካኸው?" የሚለው ላይ ነው።

ለእርስዎ ግን ከጥናቱ ይልቅ የአንድ አገር ታሪክ ልንገርዎ፣ ቅቤ ወዳድ ሕዝብ ስለሆነ። ፊንላንድ ውስጥ ሰሜን ካሬሊያ የሚባል የገበሬዎች አውራጃ አለ። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ወንዶቹ በሥራ ዕድሜያቸው በልብ በሽታ በብዛት ይሞቱ ነበር፤ ከዓለም አንደኛ ከሚባሉት ነበሩ። ጠንካራ እንጨት ቆራጮች ናቸው፣ ቅቤውም የራሳቸው ላም ቅቤ ነው። ሕዝቡ ራሱ መንግሥትን አቤት አለ። በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ወጣት ሐኪም የሚመራው ሥራ ተጀመረ። ከቤት እመቤቶች ማኅበራት ጋር ሆነው ምግብ አሠራሩን ለወጡ፣ ቅቤውን ቀነሱ፣ አገራቸው የሚበቅል የጎመን ዘር ዘይት አስፋፉ፣ ሲጋራና ጨውም ቀነሱ። በአርባ ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በልብ የሚሞቱት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ከለውጡ ትልቁን ድርሻ የያዘው የኮሌስትሮል መውረድ ነው።

ስለ አያትዎ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቅቤውን ሲበሉ አብረው ምን ይበሉ ነበር? ገብስ፣ ባቄላ፣ ጎመን። ውኃ ይቀዱ፣ ዳገት ይወጡ ነበር። ቅቤውም በበዓልና በወለደች ቤት እንጂ በየቀኑ አልነበረም፤ ረቡዕና ዓርብ፣ አጽዋማቱ ሲደመሩ ብዙው ሰው ከዓመቱ 200 ቀን ገደማ ቅቤ አይነካም ነበር። በእነዚያ 200 ቀናት ደግሞ ዘይቱ ኑግና ተልባ ነበር። እኔ የምቆረቆረው ለዚህ ነው። ጾሙ ያው ነው፣ በጾሙ ውስጥ የገባው ዘይት ግን ተቀየረ። አባቶቻችን ያቆዩልንን መተው አይደለም የምለው፤ የተዉነውን እንመልስ ነው።

የሰላሌ ልጅ
መጋቢት 7 ቀን 2017

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጾሙ ዘይት ያሉት ልቤን ነካው። እውነት ነው፣ አያቴ ቤት ጾም ሲሆን የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍት ነበር፣ የሚረጋ ዘይት የሚባል አይቼ አላውቅም። ቅቤን በጠቅላላ ስለመተው አሁንም አልተስማማሁም፤ ቤቴ ያለውን ጀሪካን ግን ዛሬ ማታ አየዋለሁ።

የባልትና እናት
መጋቢት 9 ቀን 2017

ልጆቼ፣ እኔ የተማርኩት ወጥ ቤት ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ ለ30 ዓመት ድግስ ሠርቻለሁ። ይህቺ የአራዳዋ ልጅ እናቷን እንዳታስጨንቃት ብዬ ነው የምጽፈው። ባል ታሞባት፣ ቅቤ ተነጥቃ፣ ወጡ እንዲጥመው ብላ ነው ዘይት ያበዛችው። "ገደልሽው" እንዳትላት።

አንቺ ልጄ እንዲህ በያት። ሽንኩርቱን አድቅቃ ያለ ዘይት፣ ያለ ምንም፣ በዝግታ ታቁላላው። ሲይዝ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ሙቅ ውኃ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ነው። ሽንኩርቱ ራሱ ወዙን ያወጣል። በርበሬው ገብቶ ከበሰለ በኋላ ነው ዘይቱ የሚገባው፣ ለአራት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዛሬ ልጆች ዘይቱን መጀመሪያ ግልብጥ ያደርጉና ሽንኩርቱን ይጠብሱታል፤ ጥብስ እንጂ ቁሌት አይደለም።

ጣዕሙ ደግሞ የቅቤው ብቻ አይደለም፣ የቅመሙም ነው። የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በለሰለሰ እሳት ላይ አድርጋ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ጥቂት አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ ጨምራ እንደ ቅቤ ታንጥረው። እንዳይጨስ፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ታውርደው። በትንሽ ጠርሙስ፣ ለሳምንት የሚበቃ ብቻ። ከወጡ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ታድርግበት። አባትሽ ቅቤ ገባበት ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ተልባውን አትርሱት። ቆልታችሁ ወዲያው ፍጩት፣ ተፈጭቶ የከረመ ይጎመዝዛል።

የአራዳዋ
መጋቢት 9 ቀን 2017

እናታችን፣ ይህንን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አለቀሰች። "ማን ናቸው? እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው" አለች። ነገ ሽንኩርቱን በደረቁ ልትሞክረው ነው።

ዶክተር፣ የተልባ ነገር ይጠቅማል?

የውስጥ ደዌ
መጋቢት 10 ቀን 2017

ይጠቅማል። የተልባ ዘይት ግማሽ የሚሆነው የኦሜጋ 3 ወገን ነው፤ ከተክል ቅባቶች ይህን ያህል ያለው ጥቂት ነው። ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት ኦሜጋ 3 የሚቀይረው ትንሹን ቢሆንም፣ ተልባ ከቅባቱ ሌላ የሚሟሟ አሰር አለው፤ ያ የሚያሟልጨው ነገር። አንጀት ውስጥ ከሐሞት ጋር ይያያዝና ይወጣል፣ ጉበትም አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። ምስርና ሽሮም በዚህ በኩል ይረዳሉ። ያልተፈጨ ተልባ ሆድ ውስጥ ሳይዋሃድ እንዳለ ስለሚወጣ የእናታችን ምክር ትክክል ነው። ደም ማቅጠኛ ስለሚወስድ በብዛት እንዳይሆን፤ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል።

ጨውን ደግሞ አደራ። እዚህ ሁሉ ስለ ዘይት አውርተን በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውን ጨው ብንረሳ ግፊቱ ያንኑ ግድግዳ ይጎዳዋል። ሲጋራ ካለም እንደዚያው።

የአንዋር ጎረቤት
መጋቢት 18 ቀን 2017

አልሐምዱሊላህ፣ ምድጃ ውስጥ የተጋገረውን ሳምቡሳ እናቴ ተቀበለችው። መጀመሪያ "የታመመ ሰው ምግብ ነው" ብላ ነበር፤ ሦስተኛ ቀን ላይ ራሷ ጠየቀች። የጠቆረውን ዘይት ሳሙና ለምትሠራ ጎረቤታችን ሰጠኋት።

የአራዳዋ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017

እንኳን አደረሳችሁ፣ ትንሣኤ አልፎ ነው የተመለስኩት። የሆነውን ልጻፍላችሁ።

የሚረጋውን ዘይት ትተን በግማሽ ሱፍ፣ በግማሽ ኑግ ገባን። በሊትር ይወደዳል፣ ግን ሽንኩርቱ በደረቁ ስለሚቁላላ 3 ሊትር ከወር አልፎ ለአምስተኛ ሳምንት ተረፈ። እማዬ በደብተር እየጻፈች ነው። በወጪ ብዙ ልዩነት አላገኘንበትም።

ባለፈው ሳምንት ተለክቶ ኤልዲኤል 66 ሆኗል። ሐኪሙ አብዛኛው የኪኒኑ ሥራ መሆኑን ነገረን፣ እንቀጥል አለ፤ ምግቡንም ስነግረው ዘይቱን ምን ያህል እንደቀነስን ጠይቆ ካርዱ ላይ ጻፈው።

ፋሲካ ከባድ ነበር። ዶሮው በቅቤ ካልሆነ በዓል አይመስላትም፣ እኔም ልከለክላት አልቻልኩም። እንዲህ ተስማማን፤ ለድስቱ በሙሉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ መጨረሻ ላይ፣ ቀሪው በተነጠረው ዘይት። የዶሮው ቆዳ ወጣ። ለአባዬ አንድ ሥጋ፣ አንድ እንቁላል። ክትፎ ከውጭ ያመጡ ዘመዶች ነበሩ፣ "ለበዓል አንድ ጉርሻ" ሲሉት እጃቸውን ሳመና "ልጄ ትቆጣኛለች" አለ። እኔ አልቆጣሁም፣ ግን ደስ አለኝ።

አሁን ማታ ማታ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ እንሄዳለን። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ አንዴ ቆሞ ይተነፍስና ይወጣዋል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አክስቴ ከገጠር የጎመን ዘር ዘይት ልትልክልን ነው። ፊንላንዶቹ ተጠቀሙበት ያላችሁት እሱ ነው?

አራት ኪሎ ኬሚስትሪ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017

እንኳን አብሮ አደረሰን። ስሙ አንድ ነው፣ ዘይቱ ግን አንድ አይደለም። የእኛ አገር ነባሩ ጎመን ዘር ኢሩሲክ የሚባል አሲድ በብዛት አለበት፤ አውሮፓ ውስጥ ይህ አሲድ በምግብ ዘይት ላይ በሕግ የተገደበ ነው፣ በእንስሳት ላይ የልብ ጡንቻን እንደሚጎዳ ስለታየ። በብዙ አገር አሁን የሚጨመቀው ይህ አሲድ እንዲቀንስ የተሻሻለው ዘር ነው። አክስትሽ የላከችው ለምጣድ ማሰሻ ይሁን፣ ለአባትሽ የዕለት ወጥ አታድርጉት። ኑግ ካላት ኑግ ትላክ።

የአራዳዋ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017

ደወልኩላት። ኑግ አላት፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ ትልካለች።